ተጨማሪ መረጃ፦ በ13ኛው ወር የመጡ እንግዶች

አንድ አገር በመልእክተኞቹ በኩል ከመንግሥታት ጋር ብቻ ሳይሆን፣ በኪነ ጥበቡ፣ በቅርሱና በእንግዳ አቀባበሉ ከባዕዳን ሕዝቦች ጋር በቀጥታ የሚነጋገርበት ጥበብ ሕዝባዊ ዲፕሎማሲ ይባላል። በአገራችን የዚህ ጥበብ ፋና ወጊ ሊባሉ የሚገባቸው፣ የቱሪዝምን መሥሪያ ቤት ያደራጁትና «የ13 ወር ፀጋ» የተሰኘውን መፈክር ያፈለቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው፤ እርሳቸው ከአበው የወረስነውን የዘመን አቈጣጠር፣ ከጳጉሜን ጋር፣ በሥዕላዊ ማስታወቂያ ለዓለም ሕዝብ አስተዋወቁት።

ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ በሲኤምሲ አካባቢ፣ በዚያው ዓመት በተመረቀው አዲስ ዓለም አቀፍ የኮንቬንሽን ማዕከል በተካሄደ ጊዜ፣ ከየአህጉሩ የመጡ እንግዶች ያንኑ 13ኛ ወር ራሱን በአዲስ አበባ ለማየት በቁ። በጉባኤው መካከል፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ከእንግዶቹ መካከል የነበሩ መሪዎች ግድቡ ወደሚገኝበት ወደ ጉባ ተጉዘው ሥራውን በዓይናቸው ተመለከቱ፤ ይህም፣ በእኔ አስተያየት፣ ስለ ግድቡ ከተጻፉት መግለጫዎች ሁሉ የላቀ ምስክርነት ነው። ይሁን እንጂ የአገር ስም በአዳራሽና በግድብ ብቻ አይገነባም፤ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሲኤምሲ እንግዳውን ያደረሰው ሾፌር ትሕትና፣ በጉባኤው ዕረፍት ከጀበና የተቀዳው ቡና፣ መንገድ ለጠፋበት ሰው ሥራውን አቁሞ አቅጣጫ የሚያሳየው ነዋሪ ቅንነት፣ ከመሪዎቹ ንግግር ባልተናነሰ ከእንግዳው ጋር ወደ አገሩ ይሻገራሉ።