ከረንት ትራንስፎርመር፦ ለቆጣሪም ለጥበቃም የሚሠራው የብረት ቀለበት

በ380 ቮልት የሚሠራና 200 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል የሚፈጅ ፋብሪካ በእያንዳንዱ ፌዝ ከ350 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። የተለመደ ቆጣሪ ይህን ያህል ጅረት በውስጡ ማሳለፍ አይችልም፤ ቢሞከር ይቃጠላል። በ132 ወይም በ230 ኪሎ ቮልት በሚሠራ ሰብስቴሽን ደግሞ ችግሩ ይብሳል። እዚያ ቮልቴጁ ራሱ ሰውም መለኪያም ወደ መስመሩ እንዳይጠጋ ይከለክላል። ያም ሆኖ በመስመሩ የሚያልፈው ጅረት በየቅጽበቱ መታወቅ አለበት። ካልታወቀ ሒሳቡ በትክክል አይሰላም፤ አደጋ ሲደርስም መስመሩን በጊዜ የሚቆርጥ አይኖርም። ይህን ኃላፊነት የተሸከመው ከረንት ትራንስፎርመር ነው። ባለሙያዎች በአጭሩ ሲቲ ይሉታል።

አሠራሩ

የሲቲ መሠረት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያደረገው ሙከራ ነው። ፋራዳይ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦዎችን ለየብቻ ጠመጠመ። በአንደኛው ሽቦ የሚያልፈው ጅረት በተለወጠ ቁጥር፣ ሁለቱ ሳይነካኩ በሌላኛውም ጅረት ሲፈጠር አየ።

ሲቲም እንዲሁ ነው። በብረት ቀለበቱ መካከል ዋናው ኬብል ወይም የመዳብ ባር ያልፋል፤ አንዴ ማለፉ እንደ አንድ ዙር ይቆጠራል። በቀለበቱ ዙሪያ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሟል። ዋናው ፕራይመሪ፣ ቀጭኑ ሴኮንደሪ ይባላል። 400/5 የሚል የተጻፈበትና ኬብሉ አንዴ የሚያልፍበት ሲቲ 80 ያህል የሴኮንደሪ ዙሮች አሉት። በኬብሉ 400 አምፔር ሲያልፍ ከሴኮንደሪው 5 አምፔር ይወጣል፤ 360 ሲያልፍ 4.5 ይወጣል። ቆጣሪው የሚያየው ይህን ትንሹን ጅረት ነው፤ ንባቡ በ80 ሲባዛ እውነተኛው ፍጆታ ይገኛል። በዚህ መንገድ ቆጣሪው ከአደገኛው መስመር ጋር ሳይነካካ ጅረቱን ያውቃል።

የሴኮንደሪው መደበኛ መጠን 5 ወይም 1 አምፔር ነው። ሲቲው ከመለኪያ ክፍሉ በሚርቅባቸው ትልልቅ ሰብስቴሽኖች 1 አምፔር ይመረጣል። ምክንያቱም 1 ኦም ሬዚስታንስ ባለው ሽቦ 5 አምፔር ሲያልፍ 25 ዋት ይባክናል፤ 1 አምፔር ሲያልፍ ግን 1 ዋት ብቻ።

እዚህ ላይ ሲቲ ከተራው ትራንስፎርመር የሚለይበት ጠባይ አለ። በኬብሉ የሚያልፈውን ጅረት የሚወስኑት የፋብሪካው ሞተሮች ናቸው፤ ሲቲው ሊቀንሰውም ሊጨምረውም አይችልም። ኬብሉ በብረቱ ውስጥ መግነጢሳዊ መስክ ሲፈጥር፣ የሴኮንደሪው ጅረት ተቃራኒ መስክ ይፈጥርበታል። ሁለቱ እርስ በርስ ሊጣፉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ብረቱን መግነጢስ ለማድረግ የሚውለው ያ ጥቂት ትርፍ ነው የሲቲው ስህተት ምንጭ። ጥሩ ሲቲ ማለት ይህ ትርፍ እጅግ ትንሽ የሆነበት ማለት ነው።

ለሁለት ጌቶች መሥራት

የጥበቃ ሪሌይ አደጋን ለይቶ፣ መስመሩን የሚቆርጠውን ብሬከር የሚያዝዝ መሣሪያ ነው። ቆጣሪና ሪሌይ ከሲቲ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው።

ቆጣሪ የሚፈልገው በመደበኛው ጭነት ጊዜ ከፍተኛ ትክክለኛነት ነው። 0.2 ደረጃ ያለው የመለኪያ ሲቲ በሙሉ ጭነት የሚያሳየው የመጠን ስህተት ከ0.2 በመቶ አይበልጥም። በትልቅ ፋብሪካ ወይም በኃይል ማመንጫ መውጫ ላይ ይህች ስህተት እንኳ በዓመት ብዙ ገንዘብ ትሆናለች። ሾርት ተፈጥሮ ጅረቱ ሃያ እጥፍ ሲያድግ ግን ቆጣሪው ያን ማወቅ አይሻም፤ ቢደርሰው ይጎዳል። ስለዚህ የመለኪያ ሲቲ ብረት ቶሎ እንዲጠግብ ተደርጎ ይሠራል። ብረት ሲጠግብ ተጨማሪ መግነጢሳዊ መስክ አይቀበልም፤ ሴኮንደሪውም ከዚያ በላይ የረባ ጭማሪ አያሳይም። ቆጣሪው የሚተርፈው በዚህ ነው።

ሪሌይ ግን ንቁ መሆን ያለበት ልክ በዚያ የአደጋ ቅጽበት ነው። በደህናው ጊዜ ትንሽ ቢሳሳት ግድ የለውም፤ በሾርት ጊዜ ግን እውነቱን ማወቅ አለበት። ለዚህ የሚሠሩ ሲቲዎች ላይ ለምሳሌ 5ፒ20 የሚል ይጻፋል። ትርጉሙም በሴኮንደሪው ላይ የተመደበለት ጭነት እስካልታለፈ ድረስ፣ ጅረቱ ከመደበኛው 20 እጥፍ ቢደርስ እንኳ አጠቃላይ ስህተቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው። የ400/5 ሲቲ ከሆነ፣ በመስመሩ 8,000 አምፔር ሲያልፍ ሪሌዩ 100 አምፔር ገደማ ያያል፤ ከዚያም ብሬከሩን ያዝዛል።

የወርቅ ሚዛን ላይ የጭነት መኪና አይወጣም፤ በመኪና ሚዛንም ወርቅ አይመዘንም። በዚህም ምክንያት በትልልቅ ሰብስቴሽኖች በአንድ ሲቲ አካል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቀለበት ይገኛል፤ አንዱ ለቆጣሪ፣ ሌሎቹ ለጥበቃ።

የጥበቃው ብልሃት

እ.ኤ.አ. በ1904 ቻርልስ መርዝ እና በርናርድ ፕራይስ የተባሉ መሐንዲሶች በእንግሊዝ አገር አንድ የጥበቃ ዘዴ አስመዘገቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወደ አንድ መሣሪያ የገባው ጅረት ሁሉ መውጣት አለበት። በመግቢያውና በመውጫው ሲቲ ይተከላል፤ ሪሌዩ ሁለቱን ያወዳድራል። እኩል ከሆኑ ዝም ይላል። ልዩነት ከመጣ ጅረቱ በመካከል ሌላ መንገድ አግኝቷል ማለት ነውና ብሬከሩ ወዲያው ይቆርጣል። ትልልቅ ትራንስፎርመሮችና ጄኔሬተሮች ዛሬም በዚሁ ዘዴ ይጠበቃሉ። ከሁለቱ ሲቲዎች አንዱ ብቻ ከጠገበ ግን ሪሌዩ የሌለ ልዩነት ያያል፤ ጤነኛውን ትራንስፎርመር ቆርጦ ከተማን ሊያጨልም ይችላል። የሲቲ ምርጫ ቀላል ጉዳይ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ይኸው ብልሃት በመኖሪያ ቤትም አለ። በመብራት ሳጥን ውስጥ የሚገጠመው የፍሳሽ ጅረት መቁረጫ ትንሽ የብረት ቀለበት ይዟል። በቀለበቱ ውስጥ ፌዙም ኒውትራሉም አብረው ያልፋሉ። የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል ሲሆን መስካቸው ይጣፋል። ከሻወር ማሞቂያ ወይም ከተላጠ ሽቦ ጅረት በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ ግን ሚዛኑ ይዛባል። ለሰው ሕይወት የሚመረጠው ዓይነት ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳያልፍ ይቆርጣል።

ስህተት የሚገባበት በር

ሲቲ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አገጣጠሙ ሊያሳስት ይችላል። ጭነቱ በሦስቱ ፌዞች እኩል ከሆነና ከሦስቱ ሲቲዎች አንዱ ተገልብጦ ከታሰረ፣ ቆጣሪው የሚመዘግበው የእውነተኛውን ፍጆታ አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። የአንዱ ሽቦ ከተበጠሰ ሁለት ሦስተኛውን ይመዘግባል። በተቃራኒው፣ የተገጠመው 200/5 ሆኖ በሰነድ 400/5 ተብሎ ከተያዘ፣ ንባቡ በ40 ፈንታ በ80 ይባዛል፤ ደንበኛው እጥፍ ይከፍላል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን የሴኮንደሪው ሽቦ መስመሩ እየሠራ ሳለ መከፈቱ ነው። ያን ጊዜ ተቃራኒው መስክ ይጠፋል፤ በኬብሉ የሚያልፈው ጅረት ግን አይቀንስም፤ ሁሉም ብረቱን መግነጢስ በማድረግ ላይ ይውላል። በዚህ ምክንያት በተከፈቱት ጫፎች መካከል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊፈጠር ይችላል። ሰው ይገድላል፤ ሽፋኑን አቃጥሎ እሳት ያስነሳል። ባዶ ሽቦ የሚመስለው ጫፍ ከዋናው ኬብል ባልተናነሰ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። በሴኮንደሪው ላይ ፊውዝ የማይገጠምበት ምክንያትም ይኸው ነው።

የሲቲ ወሰንም መታወቅ አለበት። የሚሠራው በሚለዋወጥ ጅረት ብቻ ነው፤ ጅረቱ ካልተለወጠ በሴኮንደሪው ምንም አይፈጠርም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀጥተኛ ጅረት ስለሚያስተላልፍ፣ ያ ጅረት በተለመደው ሲቲ አይለካም፤ ሌላ ዓይነት መለኪያ ይፈልጋል።

ፋብሪካ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ትልቅ ሕንፃ ያላችሁ አንባቢያን፣ በሲቲያችሁ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በሒሳብ ሰነዳችሁ ላይ ያለው ማባዣ መግጠማቸውን በባለሙያ አስመርምሩ። በመኖሪያ ቤታችሁም የፍሳሽ ጅረት መቁረጫ አስገጥሙ፤ የሙከራ ቁልፉንም በየጊዜው ጫኑ። በሙያው ላይ ያላችሁ ደግሞ ቆጣሪ ወይም ሪሌይ ከመንቀላችሁ በፊት የሲቲውን ሴኮንደሪ ሾርት አድርጉ። ይህ ቅደም ተከተል አንድ ጊዜም ቢሆን መዘለል የለበትም።