የአየር ሕጉ በጉምሩክ በር ገባ

በምዕራብ አዲስ አበባ የከተማዋ መውጫ የሆነው አስኮ ከጫማ ሥራ ጋር ስሙ ሲነሣ የኖረ ሰፈር ነው። የዛሬው መለያው ግን ከቡራዩ፣ ከሆለታና ከአምቦ በኩል የሚገባውና የሚወጣው የተሽከርካሪ ብዛት ነው። የጭነት መኪና፣ አውቶቡስና ሚኒባስ ባለበት ደግሞ ጋራዡ፣ የመለዋወጫ ሱቁና የመኪና ደላላው አይጠፉም።

ለዚህ ገበያ የአየር ብክለት ሕግ ለረዥም ጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር። ጭስ ማውጫ የተከለው ፋብሪካ ያስብበት ሲባል ቆይቷል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የታየው ግን ከዚህ ይለያል። መንግሥት ስለ አየር ያወጣቸው ደንቦች ከሁሉ በላይ ጎልተው የታዩት በጉምሩክ መጋዘን በር ላይ ሲሆን፣ አንዲት አሮጌ መኪና ይዞ የሚያድረውን ባለንብረት ሀብት በቀጥታ ነክተዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ ስለ አየር ብቻ የሚደነግግ ራሱን የቻለ አዋጅ አላወጣችም። እንግሊዝ በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1952 ለንደንን የሸፈነው ጭስ ብዙ ሺህ ሰው ከገደለባት በኋላ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አውጥታለች። አሜሪካም በ1970 ለአየር ብቻ የሚሆን ጠንካራ ሕግ አጽድቃለች። በአገራችን ግን ጉዳዩ በጥቅሉ የአካባቢ ሕግ ውስጥ ተካቶ ይገኛል።

መነሻው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዝርዝሩ የመጣው በኅዳር 1995 ዓ.ም. በወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አዋጁ የአየር ጥራት ደረጃ እንዲወጣ፣ እንደ ፋብሪካ ካሉ ቋሚ ምንጮችም ሆነ እንደ ተሽከርካሪ ካሉ ተንቀሳቃሽ ምንጮች የሚወጣው በካይ ነገር መጠን እንዲወሰን ያዝዛል። የበከለ ሰው ያበላሸውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ሊገደድ እንደሚችልም ይገልጻል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 519 ሕግን ተላልፎ አካባቢን መበከልን ወንጀል አድርጎታል።

በወረቀት ላይ ሲታይ የጎደለው ነገር ጥቂት ነው። ችግሩ ጭስ በመለኪያ እንጂ በዓይን የማይከሰስ መሆኑ ነው። ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በአዲስ አበባ ሕዝብ በየሰዓቱ ሊያየው የሚችለው ልኬት ለዓመታት በአብዛኛው የመጣው በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ከተተከሉ መሣሪያዎች ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ከየኤምባሲዎቹ የሚያሰራጨውን የአየር መረጃ አቁሟል። ልኬት በሌለበት ቦታ ተቆጣጣሪው የሚይዘው ማስረጃ እንደሚሳሳ ግልጽ ነው።

ቀረጡ ቀደመ

በዚህ መካከል ቀላሉ መንገድ የተገኘው በታክስ በኩል ነው። ጭስን መለካት ያስቸግራል፤ የመኪናን ዕድሜና የሞተርን ጉልበት ግን የጉምሩክ ሠራተኛ ከወረቀት ላይ ያነብበዋል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይህንኑ ተከተለ። ሞተራቸው እስከ 1,300 ሲ.ሲ. በሆኑ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲ.ሲ. በሆኑት 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በሆኑት 100 በመቶ ጣለ። ያገለገለው መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እያደገ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲቀር፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ የሚገባው ከቀረጥ ነፃ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ።

ከውሳኔው ጀርባ አየሩ ብቻ አልነበረም። ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች ይመነጫል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ይህን ስሌት አጠናክሮታል።

አሮጌው ዕድሜ አገኘ

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ነጥብ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ቀረጥ የሚገባውን መኪና ያግዳል እንጂ የገባውን አያስወጣም። የሚተካው ሲወደድ ደግሞ ያለው ይጠገናል፣ ይቀባል፣ ሞተሩ ይወርዳል፣ ተመልሶ መንገድ ይወጣል። ሊብሬ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ የሚጨምረው በዚህ የተነሣ ነው። አየርን ለማጥራት የታሰበው ታክስ፣ ጭስ የሚያበዛውን መኪና ከገበያ በማስወጣት ፋንታ ዋጋ ሊጨምርለት ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው እንዳይሆን ሁለተኛ ቁልፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቁልፍ ዓመታዊ ምርመራው ነው። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል። የምርመራው ክብደት ከፍሬንና ከመብራት አልፎ በጭስ መለኪያ ላይ ባረፈ ቁጥር ፈተናው በሥራ ላይ ያለውን መኪና ሁሉ ይደርሳል። ያን ጊዜ የአንድ አይሱዙ ወይም የአንድ ሚኒባስ ዋጋ ከሞዴሉ ዓመት ይልቅ በሚያወጣው ጭስ ይተመናል ማለት ነው። በአስኮ የሚያልፈው አብዛኛው ከባድ ጭስ ከናፍጣ ሞተር እንደመሆኑ፣ የአካባቢው ጋራዦችም ባለንብረቶችም ከወዲሁ ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ጭሱን ማንበብ

መካኒኮች እንደሚያውቁት ጭስ ራሱ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ፊልትሮው ተዘግቶ፣ ኢንጀክተሩ ተበላሽቶ ወይም ፓምፑ ያለ ልክ ተከፍቶ ይሆናል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ይህ የፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ጉዳይ ስለሆነ ወጪው ከበድ ይላል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። ስለዚህ በቆላ አገር በደንብ የሚያነድድ ሞተር እዚህ ሲመጣ፣ በተለይ ከልክ በላይ ከተጫነ፣ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ አይገርምም።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ፊልትሮ በጊዜው መለወጥና ኢንጀክተር ማስፈተሽ ከሞተር ማውረድ ይረክሳል። ያልተቃጠለ ናፍጣ በጭስ መልክ የሚወጣ የባለንብረቱ ገንዘብ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ፋብሪካና ጋራዥ ላለው

አዋጅ ቁጥር 300/1995 ግዴታ ብቻ የሚጭን አይደለም። ብክለትን ለመቆጣጠር የሚያገለግል አዲስ መሣሪያ የሚያስመጣ ድርጅት በባለሥልጣኑ ሲረጋገጥለት ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንደሚሆን ይደነግጋል። የጭስ ማጣሪያ ሊተክል ያሰበ ባለሀብት ዋጋ ከማስላቱ በፊት ይህን አንቀጽ ቢያይ ይጠቀማል።

በአንጻሩ አዋጁ ለጎረቤትም በር ከፍቷል። ማንኛውም ሰው ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት ሳይጠበቅበት ስለ ብክለት ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው። ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ግድግዳ የሚጋራ የቀለም መርጫ ወይም ጋራዥ የሚገዛ ሰው ከኪራዩና ከካርታው ጋር ይህንንም ሊያስብ ይገባል።

ገዢ፣ ሻጭና ደላላ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውንና ቦሎውን ካየ በኋላ ሞተሩን በብርድ አስነሥቶ ጭሱን ይመልከት፤ የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀንስ። ሻጩም ኢንጀክተሩን አስፈትሾ ገበያ ቢወጣ የተሻለ ዋጋ ለመጠየቅ ምክንያት ይኖረዋል። ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ደግሞ የባትሪውን ዋስትና፣ ቻርጅ ማድረጊያውንና በሰፈሩ ያለውን የመብራት ኃይል አስቀድሞ ያጣራ። አንዲት ናፍጣ ሚኒባስ ብቻ ያለችው ባለንብረት ዛሬ የጨመረለትን ዋጋ ለዘለቄታው የሚቆይ ሀብት አድርጎ ባይቆጥር ይሻለዋል። ዋጋውን የደገፈው የገቢ ዕገዳው ነውና፣ የጭስ ምርመራው በጠበቀ ዕለት ያው መኪና ቦሎ ሊከለከል ይችላል።