ፒክአፕ ስንገዛ የምንገዛው ሞተርና ካምቢዮውን ነው

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሥራ የመሠረተ ሰው ፒክአፕ ሊገዛ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞዴሉ ዓመት፣ ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ነው። ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ካምቢዮውስ ከሞተሩና ከሚሰጠው ሥራ ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ነው። መኪናው ለዓመታት የሚያገለግል ወይም ከጋራዥ ጋራዥ የሚንከራተት መሆኑን በአብዛኛው የሚወስነው ግን ይኸው ጥያቄ ነው። ያገለገለ ደብል ጋቢና የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ፣ የአንድ አነስተኛ ድርጅትም ዋና ሀብት በሆነበት በዚህ ዘመን ምርጫውን ለደላላ መተው አያዋጣም።

ከመልክዓ ምድሩ እንጀምር። ከጥንት መናገሻ ተብሎ የሚታወቀውና ዛሬ ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉበት ይህ አካባቢ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ወደ ሱሉልታ ለመሄድ ደግሞ የእንጦጦን ትከሻ መሻገር ግድ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል። በፋብሪካው መግለጫ ላይ 95 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ሰበታ ላይ ሲሠራ የሚቀረው ከ70 ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ያካክሳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ተቀራራቢ የሚመስሉ ሁለት መኪኖች ጭነው አቀበት ሲወጡ ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። በ2,400 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ የላላ እንደሆነ ቆላ ላይ ሳይታወቅ የሚቆይ ጉድለት እዚህ ቴስታታ ያቃጥላል። ትንሽ ዋጋ ያለው ክዳን ሞተር ያህል ነገር ያስከፍላል።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? በገበያችን የታወቀው የቶዮታ 2.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር በማለዳ ብርድ በቀላሉ ይነሳል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የሚበላሽ ቱርቦም የለውም። ነገር ግን 240 ኒውተን ሜትር ገደማ የሆነውን ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚሰጠው በደቂቃ ወደ 4,000 ዙር ሲጠጋ ነው። ባዶውን ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ይበቃል። ጭኖ አቀበት የሚወጣ ሰው ግን ሞተሩን እያስጮኸ ነዳጅ ይበላል። በዚያው ዘመን የነበረው የቪጎ 3.0 ሊትር ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር 340 ኒውተን ሜትር ያህል የሚሰጠው ገና ከ1,400 ዙር ጀምሮ ነው። ጭነት የሚያነሳው ይህ ዝቅ ባለ ዙር የሚገኝ ኃይል እንጂ በማስታወቂያ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ስለመጣ በየቀኑ የሚጭን ሰው የፍጆታውን ልዩነት በኪሱ ያየዋል።

ናፍጣውም ሁለት ዓይነት ነው። ሾፌሮች ፋይቭ ኤል የሚሉት አሮጌው የቶዮታ 3.0 ሊትር ሞተር ቱርቦም ኮምፒዩተርም የለውም፤ ነዳጁን የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ግን የትም ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ከእሱ በኋላ የመጡት፣ በቪጎ ዲፎርዲ የሚባሉትና የኋለኞቹ የሬቮ ሞተሮች፣ ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ኮምፒዩተር እያዘዘው ይረጫሉ። ኢሱዙ ዲማክስም ሆነ አዲሱ ሚትሱቢሺ ኤል 200 በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። ጉልበትም ቁጠባም አላቸው። ጠላታቸው ውኃና ቆሻሻ ያለበት ነዳጅ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በቢጫ ጀሪካን የሚገዛ ናፍጣ ፋይቭ ኤልን ያስላል፤ ዘመናዊውን ግን ኖዝሎቹን ያበላሽበታል። አራት ኖዝል ማስለወጥ ደግሞ ብዙ ሰው አስቀድሞ ያላሰበው ወጪ ነው። ዘመናዊ ናፍጣ የገዛ ሰው የነዳጅ ፊልትሮ በጊዜው መለወጥንና ከታወቀ ማደያ መቅዳትን የመኪናው ዋጋ አካል አድርጎ ይቁጠረው።

ካምቢዮን በተመለከተ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የምቾት ይመስላል። ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገና፣ ከዊንጌት በአስኮ እስከ ቡራዩ ባለው መጨናነቅ ጠዋትና ማታ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የሚውል ሰው አውቶማቲክ ቢመኝ አይፈረድበትም። ደግሞም በዚያ ዓይነት መንገድ የማንዋሉ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል። አውቶማቲኩ ግን የራሱ ሕግ አለው። ጭኖ በዝግታ አቀበት ሲወጣ ዘይቱ ይግላል፣ የጋለ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ዘይቱ የሚለወጥበትን ጊዜ ማሳለፍ ማንዋሉ የሚታገሠው፣ አውቶማቲኩ የማይታገሠው ጥፋት ነው። ባትሪ ሲደክም ተገፍቶ አይነሳም፤ ሲበላሽም ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ረጅም መንገድ አይጎተትም። በሚገባ የሚጠግነው ባለሙያም በየሠፈሩ አይገኝም።

ከምቾቱ በላይ የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። ከእንጦጦ ወደ ከተማው፣ ከዚያም አልፎ በሱሉልታ መንገድ ጎሐ ጽዮን ደርሶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ጭነት የያዘ መኪና በፍሬን ብቻ ሊያዝ አይችልም፤ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬንም አይዝም። የድሮ ሾፌሮች «አቀበቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር ሞተሩ ያደርግለት የነበረውን እርዳታ በገዛ እጁ ይጥላል። አውቶማቲክ የያዘም ቢሆን ማንሻውን በዲ ላይ ትቶ መውረድ የለበትም፤ ዝቅተኛውን ማርሽ ራሱ መምረጥ አለበት። ይህን የማያውቅ ሾፌር የሚቀጥር ድርጅት አውቶማቲክ ከመግዛቱ በፊት ቢያስብበት መልካም ነው።

ሞተርና ካምቢዮ ተለያይተው የሚመረጡም አይደሉም። ቶዮታ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው 2.8 ሊትር ሞተር ከማንዋል ጋር ሲመጣ 420፣ ከአውቶማቲክ ጋር ሲመጣ 450 ኒውተን ሜትር ነበር። ፋብሪካው ራሱ አንዱን ለሌላው ልክ አድርጎ ነው የሚያጋባው። በእኛ ጋራዦች ግን የ2.5 ሞተር ወርዶ 3.0 ሲጫን፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ግን የድሮዎቹ እንደሆኑ ሲቀሩ ይታያል። ጉልበት የጨመረ ይመስላል፤ ትርፉ ጉልበት ግን የሚያርፈው ለእሱ ባልተሠራ ዕቃ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሕግ ይሻገራል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በሊብሬው ላይ ሠፍሯል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣው ተሽከርካሪውና መዝገቡ አንድ እንዲሆኑ ነው። ሞተሩ ተለውጦ መዝገቡ ካልተስተካከለ ስም ለማዛወር ሲሄዱ ጉዳዩ ይቆማል፤ የተተካው ሞተር የዲክላራሲዮን ሰነድ ይጠየቃል፣ ሻጩ ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል። በሽያጭ ውሎች ላይ «አይቼና መርምሬ ገዝቻለሁ» የሚል ሐረግ ማስገባት ልማድ ሆኗል። ሻጭ ሆን ብሎ የደበቀው ጉድለት ካለ ይህ ሐረግ ላያድነው ይችላል። መደበቁን የማስረዳቱ ሸክም ግን የገዢው ነው፤ ክርክሩም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ግን ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ለሞተሩ ምርመራ የሚከፈለውም ለጠበቃ ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም።

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ፣ ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የከበደ ታክስ መጣሉ አገር ውስጥ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ዋጋ ከፍ አድርጓል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ለዚህ አካባቢ የራሱ ብልጫ አለው። እስከዚያው ግን ብዙ ገዢ የሚመርጠው ሌሎች ከነዱት መካከል ነው።

በአጭሩ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ በየቀኑ የሚጭን ሰው ባለ ቱርቦ ናፍጣ ከማንዋል ጋር ይፈልግ። ከቡራዩ አዲስ አበባ እየተመላለሰ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጭን ሰው አውቶማቲክ ቢይዝ ያዋጣዋል፤ የዘይቱን ቀን እንዳይረሳ ብቻ። ጋራዥና ጥሩ ማደያ በሌለበት ገጠር የሚሠራ ደግሞ በዝግታው ሳያፍር ፋይቭ ኤሉን ይያዝ። ሁሉም ግን ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ሞተሩን በብርዱ ያስነሱት፣ ጭነው አቀበት ያውጡት፣ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩት።