ስለ ታላቁ እህል ሰብሳቢ ጉንዳንና ከጎሬው አውጥቶ ስለ ማኖሩ

ጉንዳንን የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። ገበሬው በአውድማው፤ የቤት እመቤት በጓዳዋ፤ መንገደኛም ባደረበት ሜዳ ያገኘዋል። ነገር ግን ዘወትር የሚታይ ሁሉ በደንብ የታወቀ ነው ለማለት አይቻልም። ሊቃውንት ሜሶር ሴፋሎቴስ ብለው የሚጠሩት ታላቁ እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ለዚህ ምስክር ነው። ስለ ኑሮው ተመርምሮ የተጻፈው ጥቂት ሲሆን፤ በአውሮፓ ገበያ ግን አንዲቱ ንግሥት እስከ 170 የእንግሊዝ ፓውንድ ድረስ እንደምትሸጥ በ2017 ዓ.ም. ተነግሯል። ዋጋው የበዛ፤ ጠባዩም ያልታወቀ ነገር ጠባቂ ከሌለው በቶሎ ይወሰዳል። ስለዚህ የዚህን ፍጥረት ኑሮ፤ የአያያዙን ዘዴና ስለ እርሱ ያለውን ሕግ በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና የግብርና ሠራተኞች ሊያውቁት ይገባል።

ይህ ጉንዳን በምሥራቅ አፍሪቃ፤ በኢትዮጵያ፤ በኬንያና በታንዛኒያ ይገኛል። ስሙን ያወጣለት ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኤመሪ ነው፤ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓመት ነበር። ሜሶር ማለት በላቲን ቋንቋ አጫጅ ማለት ነው፤ ሴፋሎቴስ የሚለውም ራስ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ሠራተኞቹ በአካል እኩል አይደሉም፤ ታናናሾችም ታላላቆችም ይገኙባቸዋል። ታላላቆቹ ራሳቸው ከሰውነታቸው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ሰፊ ነው፤ በውስጡም ጠንካራውን ዘር የሚሰብረው የመንጋጋ ጡንቻ አለ። ንግሥቲቱ ከሁሉ ትበልጣለች፤ ርዝመትዋም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

የዚህ ወገን ጉንዳኖች የሚኖሩት በዘር ነው። የሣር ፍሬ በበሰለ ጊዜ ሠራተኞቹ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ፍሬውንም ለቅመው ወደ ጎሬአቸው ያገባሉ። በዚያም ገለባውን ገፈው ወደ ውጭ ይጥሉታል፤ ንጹሑንም ዘር ከመሬት በታች በተሠራው ጎተራ ያከማቹታል። በሚበሉትም ጊዜ በመንጋጋቸው ፈጭተው፤ በምራቃቸው አርሰው፤ እንደ ሊጥ ያደርጉታል። ዝናም ገብቶ እህሉን ያረጠበው እንደ ሆነ ወደ ደጅ አውጥተው በፀሐይ ያሰጡታል። ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ መጽሐፉ ያመሰገነው፤ በበጋ መብሉን የሚያሰናዳው ገብረ ጉንዳን ከዚሁ ከሜሶር ወገን እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። በሰሜን አውሮፓ የነበሩ መርማሪዎች ግን በአገራቸው ያለው ጉንዳን እህል የማያከማች ስለ ሆነ ነገሩን ተረት ነው ብለውት ነበር። ሞግሪጅ የተባለው እንግሊዛዊ በደቡብ ፈረንሳይ በማንቶን ከተማ ጎሬውን ቆፍሮ ጎተራውን ከነእህሉ ካገኘ በኋላ፤ በ1873 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የቀደሙት ሰዎች እውነተኞች እንደ ነበሩ አስረዳ።

ገበሬ ይህን ጉንዳን በሁለት ዓይን ሊያየው ይገባል። ከአውድማ እህል መውሰዱ፤ የተዘራውንም ዘር መልቀሙ ጉዳት ነው። ነገር ግን ጎሬውን ሲቆፍር የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ያወጣል፤ ውኃና አየርም ወደ ምድር ውስጥ እንዲገቡ መንገድ ያበጃል። የሚጥለውም ገለባና ጥራጊ በስብሶ በጎሬው ዙሪያ ያለውን መሬት ያዳብራል፤ ከጣለው ዘር መካከልም አንዳንዱ በዚያው ይበቅላል። በልዩ ልዩ አገር በዚሁ ወገን ላይ የተደረገው ምርመራ የጎሬው አፈር በዙሪያው ካለው አፈር ይልቅ በተክል ምግብ የበለጸገ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በየጎሬው መርዝ ከማፍሰስ ይልቅ አውድማውን ከጎሬ አርቆ መለቅለቅ፤ የተወቃውንም እህል ሳያሳድሩ ወደ ጎተራ ማስገባት ይሻላል።

የጎሬው ሁሉ ሕይወት የተመሠረተው በአንዲት ንግሥት ላይ ነው። ዝናም በጣለ ጊዜ ክንፍ ያላቸው ወንዶችና ሴቶች ከየጎሬአቸው ወጥተው ይበርራሉ፤ በዚያም ይገናኛሉ። ወንዶቹ ወዲያው ይሞታሉ። የተፀነሰችው ሴት ግን ወደ ምድር ወርዳ ክንፍዋን ትጥላለች፤ ጉድጓድ ቆፍራም አፉን በላይዋ ትዘጋለች። ከዚህ በኋላ ምግብ ሳትፈልግ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ከእንግዲህ የማያስፈልጋት የክንፍዋ ጡንቻና በሰውነትዋ ያከማቸችው ስብ ስንቅ ይሆናታል። የመጀመሪያዎቹን እጮችም ከዚሁ ስንቅ ትመግባለች። የበኩር ልጆችዋ ታናናሾች ናቸው፤ ነገር ግን ጉድጓዱን ከፍተው ዘር መልቀም ከጀመሩ በኋላ የንግሥቲቱ ሥራ እንቁላል መጣል ብቻ ይሆናል። ወንዱን የምታገኘው በዚያች በአንዲት ወራት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የተቀበለችውም ዘር ለዕድሜዋ ሁሉ ይበቃታል።

በዚህ ነገር ጉንዳን ከንብ ይለያል። የንብ አውራ ብትሞት ሠራተኞቹ ከቀረው እጭ ሌላ አውራ ያሳድጋሉ፤ ንብ አርቢውም ቀፎውን አያጣም። የዚህ ጉንዳን ንግሥት ከሞተች ወይም ከተወሰደች ግን የሚተካት የለም፤ የቀሩት ሠራተኞች ዕድሜአቸውን ጨርሰው ጎሬው ባዶ ይቀራል።

ጉንዳንን ከጎሬው አውጥቶ በዕቃ ማኖር አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሰር ጆን ለቦክ ጉንዳኖችን በሁለት የመስተዋት ገበታዎች መካከል አኑሮ ብዙ ዘመን መረመራቸው፤ የተማረውንም በ1882 በፈረንጆች አቆጣጠር በመጽሐፍ አወጣ። ከእርሱ ዘንድ አንዲት ንግሥት 15 ዓመት ያህል ኖረችለት። ፈረንሳዊው ሻርል ዣኔም ከጀሶ የተሠራ ጎሬ አዘጋጀ። ከዚያም ወዲህ በአውሮፓ ጥቁር የአትክልት ጉንዳን የተባለው ወገን ንግሥት በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ መኖርዋ ተመዝግቧል። ጉንዳን እንዴት እንደሚሰማና እንደሚሸት፤ እጮቹንም እንዴት እንደሚያሳድግ ከታወቀው ብዙው የተገኘው እንደዚህ ባለ አያያዝ ነው። ስለዚህ ማኖሩ በራሱ ነውር የለበትም፤ በትምህርት ቤትና በምርመራ ቤትም ይጠቅማል።

የአያያዙ ዘዴ እንደሚከተለው ነው። ንግሥቲቱ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ትደረጋለች፤ በቱቦውም ጫፍ ውኃ ተሞልቶ በጥጥ ይደፈናል። ጥጡ እርጥበት ይሰጣታል፤ ሌላው የቱቦው ክፍል ግን ደረቅ ይሆናል። የበኩር ልጆችዋ እስኪወጡ ድረስ በጨለማ ትቀመጣለች፤ ዘወትር ብትነቀነቅ ወይም ብትጎበኝ እንቁላልዋን ትበላለች። ሠራተኞች ሲወጡ የሣር ዘርና ደቃቅ እህል ይሰጣቸዋል፤ እጮቹ እንዲያድጉም አልፎ አልፎ የሞተ ትንኝ ወይም ሌላ ሥጋ ያለው ነፍሳት ይጨመርላቸዋል። በመድኃኒት የተለወሰ ዘር መላውን ጎሬ ስለሚያጠፋ ፈጽሞ ሊሰጣቸው አይገባም። ቤተ ሰቡ ሲበዛ ከጀሶ ወደ ተሠራ ጎሬ ይዛወራል፤ ይህም ጎሬ አንደኛው ወገን እርጥብ፤ ሁለተኛው ወገን ደረቅ ሊሆን ያስፈልገዋል። እጮቹ በእርጥቡ ያድጋሉ፤ እህሉም በደረቁ ይቀመጣል። እርጥበት ወደ ጎተራው የገባ እንደ ሆነ ሻጋታ ተነሥቶ ብዙ ጎሬ ያጠፋል። እንዳይወጡም የዕቃው ከንፈር በዘይት ወይም በሚያንሸራትት ዱቄት ይቀባል።

ዘዴው ይህን ያህል ቀላል ቢሆንም አንድ ነገር ይጎድለዋል። የክንፋሞቹ መገናኘት ሰማይና ስፋት የሚፈልግ ስለ ሆነ በዕቃ ውስጥ ማዋለድ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ በገበያ የሚሸጡት ንግሥቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሜዳ የተለቀሙ ናቸው። ንብ አርቢ ቀፎውን ያበዛል፤ የጉንዳን ነጋዴ ግን እርሱ ካልዘራው ማሳ ያጭዳል።

የዚህም ፍሬ በጎረቤታችን በኬንያ ታይቷል። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለት የቤልጅግ ወጣቶች 5,000 ያህል የጉንዳን ንግሥቶች በ2,244 ቱቦዎች ውስጥ አድርገው በናይቫሻ አጠገብ ተያዙ። ቱቦዎቹ በጥጥ የተደፈኑ ነበሩ፤ የአገሩም የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጉንዳኖቹን እስከ ሁለት ወር በሕይወት ሊያቆዩ እንደሚችሉ አስታወቀ። በዚያው ወራት አንድ የቬትናምና አንድ የኬንያ ሰው ደግሞ ከ400 በላይ ጉንዳኖች ይዘው በናይሮቢ ተገኙ። ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ አራቱም እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፤ ባይከፍሉ 12 ወር እንዲታሠሩ ፈረደባቸው። ከተያዙትም መካከል ዋነኛው ይህ የተነገረለት ታላቁ እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ነበረ።

ምናልባት አንድ ሰው፤ ከሚበርሩት ንግሥቶች አብዛኞቹ የወፍና የእንሽላሊት ሲሳይ ናቸውና ጥቂቶቹን መውሰድ ምን ጉዳት አለው? ይል ይሆናል። አብዛኞቹ መሞታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሰብሳቢው የሚለቅመው ወፍ ያልበላትን፤ ክንፍዋን ጥላ ጉድጓድ ለመቆፈር የደረሰችውን ነው። ከየሜዳው ስንት ጎሬ እንዳለ፤ በየዓመቱም ስንት አዲስ እንደሚመሠረት ሳይቆጠር፤ ይህን ያህል ቢወሰድ አይጎዳም ማለት ጎተራውን ሳይመለከቱ እህል እንደ ማበደር ነው። ስለ ጉንዳኑ የታወቀው ጥቂት መሆኑም ለነጋዴው ፈቃድ አይሆነውም፤ ይልቁንም አስቀድሞ ጥናት፤ ከዚያም በልክ የሆነ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ያስገድዳል።

ጉዳቱም ጉንዳኑ በተወሰደበት አገር ብቻ አይቀርም። ከደቡብ አሜሪካ ወደ አሜሪካ ኅብረት መንግሥታት ሳይታወቅ በመርከብ የገባው እሳት ጉንዳን በደቡብ ክፍላቸው ተስፋፍቶ እርሻንና ከብትን ጎድቷል። ዛሬ ደግሞ ንግዱ በኢንተርኔት ስለሚካሄድ ነገሩ ሰፍቷል፤ በቻይና በስድስት ወር ውስጥ ከ58,000 በላይ የጉንዳን ቤተ ሰቦች መሸጣቸውን፤ ከወገኖቹም ከሩብ የሚበልጡት የአገሩ ተወላጆች አለመሆናቸውን መርማሪዎች በ2023 በፈረንጆች አቆጣጠር አስታውቀዋል። በአንድ ቱቦ የምትጓዝ ንግሥት ካመለጠች ከእርስዋ ጋራ አንድ ሙሉ ጎሬ አምልጧል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት በ1998 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ለመውሰድ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። በኬንያ ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ ስለ ዱር አራዊት ንግድ በተደረገው የመንግሥታት ስምምነት ዝርዝር አንድም የጉንዳን ወገን አልተጻፈም ነበር፤ ስለዚህ ጥበቃው በየአገሩ ሕግና በየአገሩ ሹማምንት ንቃት ላይ የተጣለ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገር ማድረግ ይገባል። አንደኛ፤ የዝናም መጀመሪያ በሆነ ጊዜ እንግዳ ሰው በየሜዳው ክንፋም ጉንዳን ሲለቅም ወይም ልጆችን በገንዘብ ሲያስለቅም ቢታይ ፈቃዱን መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፤ በየኬላው በጥጥ የተደፈኑ ቱቦዎች፤ የመድኃኒት መርፌ የሚመስሉ ብልቃጦችና ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ ዕቃዎች ሲገኙ መመርመር ነው። ሦስተኛ፤ ጉንዳንን ከምስጥ ለይቶ ማወቅ ነው። የጉንዳን ወገቡ ቀጭን፤ ቀንዱ እንደ ክርን የታጠፈ፤ የፊት ክንፉም ከኋላኛው የረዘመ ነው፤ የምስጥ ወገብ ግን ወፍራም፤ ቀንዱ ያልታጠፈ፤ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው።

በፈቃድ መጥቶ ለመመርመር የሚሻውን ሊቅ ግን መርዳት እንጂ መከልከል አይገባም፤ የዚህ ጉንዳን ኑሮ ገና ብዙ መርማሪ ይፈልጋልና። ከሁሉ በፊት ግን የየወረዳው የግብርና ሠራተኛ ራሱ በአውድማና በግጦሽ ሜዳ ያለውን ጎሬ ቢቆጥር፤ ክንፋሞቹ የሚወጡበትን ቀን፤ የሚለቅሙትንም የዘር ዓይነት ቢጽፍ፤ ማንም ከሩቅ አገር መጥቶ ሊሰጠን የማይችለውን ዕውቀት ያስገኛል። ለዚህም ሥራ የሚያስፈልገው እርሳስ፤ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ነው።