ብርድና ሙቀት በአያት፦ ተረቱና እውነታው

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ብርድ በመሸሽ ጭምር ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከነፋሻው እንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ከተማዋን የመሠረቱት በ1879 ዓ.ም. ነበር። ከተማዋ ዛሬ በምሥራቅ በኩል አያትንና የካ አባዶን አልፋለች፤ ከፍታዋ ግን አሁንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአያት ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፤ በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ደግሞ፣ በተለይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ፎቅ፣ አላስቀምጥ ይላል። በሁለቱም ጊዜ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ምን ዕቃ እንደሚገዛ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥገና የሚፈልገው ቤቱ ራሱ ነው።

ተረት፦ «ከሰሉ በደንብ ከቀላ፣ ጭሱም ካለቀ አይጎዳም።»

እውነታ፦ ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደህና ከቀላ ፍምም ይወጣል። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅኑ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከመነሻውም የምናገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ስለዚህ ቡና የተፈላበትን ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት፣ የአራስ ክፍልን በከሰል ማሞቅ፣ ከነፍሙ መተኛት ሞትን መጋበዝ ነው። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ አያድንም፤ ጋዙ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። በር ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ወተት ማጠጣት ጊዜ ማባከን ነው፤ ሕክምናው ኦክስጅን ስለሆነ በሽተኛውን በፍጥነት ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤቱን በ939 መጥራት ይቻላል።

ተረት፦ «ጥሩ ማሞቂያ ከገዛህ መብራት አይበላም።»

እውነታ፦ ባለዘይቱም፣ ባለማራገቢያውም፣ ሽቦው የሚቀላውም ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ የሚያወጡት ሙቀት እኩል ነው። 2,000 ዋት የተጻፈበት ማሞቂያ ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ከሠራ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ውድ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ልዩነቱ ሙቀቱ በሚደርስበት መንገድ ነው። ባለዘይቱ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይሞቃል፤ ሽቦው የሚቀላው ክፍሉን ሳይሆን ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያሞቃል። በአገራችን ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ ሌሊቱን ሙሉ የበራ ማሞቂያ ሂሳቡን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል።

ከሂሳቡ የከፋው የቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጉዳይ ነው። ባለ 2,000 ዋቱ ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ከ3,000 ዋት በላይ ከሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር ከዋለ ከ22 አምፔር ያልፋል፤ ይህን አንድ ተራ ሶኬት አይችለውም። ማሞቂያ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ይሰካ እንጂ በዲቫይደር አይሁን። ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መቀየር ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው፤ ሽቦው ሳይወፍር ብሬከሩ መተለቅ የለበትም።

ተረት፦ «ኤሲ ለቆላ ነው፤ ለብርድ አገር ምን ይሠራል?»

እውነታ፦ ማቀዝቀዝም ማሞቅም የሚችለው የግድግዳ ኤሲ ሙቀት አያመርትም፤ ከውጭው አየር ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚህም ምክንያት በአያት ዓይነት ብርድ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ተጠቅሞ ሦስት ያህል ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚቆጥበው በዚህ ነው፤ የመግዣና የማስገጠሚያ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። በከፍታችን የሳሳው አየር አቅሙን ጥቂት እንደሚቀንሰውም ሲመርጡ ያስቡበት።

ተረት፦ «ኤሲ በየዓመቱ ጋዝ ይሞላል።»

እውነታ፦ ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል እንጂ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ባለሙያው ቀዳዳውን ፈልጎ ሳይደፍን «ልሙላልህ» ካለ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል። ኤሲ በእርግጥ የሚፈልገው ጽዳት ነው። በበጋ አቧራ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፤ በየወሩ አውጥቶ በውሃ አጥቦ፣ አድርቆ መመለስን የቤቱ ባለቤት ራሱ ይችለዋል።

ተረት፦ «የላይኛውን ፎቅ ሙቀት የሚችለው ኤሲ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ በሚያዝያ 5 ገደማ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ከአናታችን ላይ ነው፤ ቀድሞ ባሉት ሳምንታትም ወደዚያው ትጠጋለች። የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን በስሱ ኮርኒስ በኩል ወደ ክፍሉ ያወርደዋል። ያው ቆርቆሮ በታኅሣሥ ጥርት ያለ ሌሊት ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል። እንግዲህ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ ማስገባት ሁለቱንም ችግር በአንድ ወጪ ያቃልላል። ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት፣ የጣሪያው ሥር አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ማበጀትም ቀትሩን ያረግባሉ። ሌሊቱ እዚህ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በሞቃት ወራት ማታ መስኮት ከፍቶ ቀን መጋረጃ መዝጋት ብዙውን ጊዜ ኤሲን ያስቀራል። በብርዱ ወራት ሥርዓቱ ይገለበጣል፦ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታዘነብል የደቡቡን መጋረጃ ቀን ይክፈቱ፣ ስትጠልቅ ይዝጉ። በላሜራ በርና መስኮት ጠርዝ ያለውን ክፍተት በጎማ መድፈን ርካሽ ነው፤ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ግን ከሰል ጨርሶ አይገባም።

ተረት፦ «ቦይለር ሁልጊዜ ሲበራ ይቆጥባል፤ ቫልቩ ከተንጠባጠበ ተበላሽቷል።»

እውነታ፦ የሞቀ ውሃ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ሙቀት ያጣል፤ ከመታጠብዎ ትንሽ ቀድሞ ማብራት ያንን ኪሳራ ይቀንሳል። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሴፍቲ ቫልቩ በሚሞቅበት ጊዜ ጥቂት ቢያንጠባጥብ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጫፉን መድፈን ታንከሩን ሊያፈነዳ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌላ ጥንቃቄም ያስፈልጋል፦ ውሃ ሲጠፋ ብሬከሩን ያጥፉ፤ ሲመለስ በሙቅ ውሃው ቧንቧ መፍሰሱን ሳያዩ አያብሩ። ባዶ ታንከር ውስጥ ኤለመንቱ ይቃጠላል።

ለቤት ማሻሻያ የያዙት ገንዘብ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መስመሩን ያስፈትሹና የመስኮት ክፍተት ያስደፍኑ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን ያስለብሱ። ከዚያ በኋላ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ኖረው ይዩ። የሚገዛ ማሽን አሁንም ካስፈለገ አነስ ያለው ይበቃዎታል።