ለክብደት ገንዘብ መክፈል፦ በገዳሪፍ ሚዛኑ ለምን ይለያል?

ዱባይ እአአ በ2013 በረመዳን ወር ክብደት ለቀነሱ ነዋሪዎቿ ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ግራም ወርቅ ሸልማለች። እንዲህ ያለው ማበረታቻ በእርግጥ ይሠራል?

እአአ በ2024 ይፋ የሆነ የብሪታኒያ ጥናት ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን 585 ወንዶች አሳትፏል። ለአንዳንዶቹ 400 ፓውንድ ከመነሻው ተመደበላቸው፤ የክብደት ግባቸውን ካላሳኩ ግን ይቀነስባቸው ነበር። ሰው የእኔ ያለውን ላለማጣት ይተጋልና። የስልክ መልዕክትም የሚላክላቸው እነዚህ ተሳታፊዎች በአንድ ዓመት በአማካይ 4.8 በመቶ ክብደት ሲቀንሱ፣ ድጋፍ ያላገኙት የቀነሱት 1.3 በመቶ ነው።

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግን ሚዛን የሚያስፈልገው ለተቃራኒው ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንን ባስጠለሉት ኡም ራኩባና ቱናይድባ መጠለያዎች፣ የሕጻናት ክብደትና የክንድ ዙሪያ የሚለካው የምግብ እጥረትን ለመለየት ነው።

በዚህ ሁኔታ ገንዘብና ሚዛን ሲገናኙ ጥንቃቄ ይሻል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥን የገንዘብ ድጋፍ የመረመረ፣ እአአ በ2004 የታተመ ጥናት፣ የተጠቃሚ ሕጻናት ክብደት የጨመረው ከሌሎቹ በመጠኑ ባነሰ ፍጥነት እንደሆነ አሳይቷል። ድጋፉ የተያያዘው ከጤና ክትትል ጋር እንጂ ከክብደት ጋር አልነበረም። ሆኖም እናቶች “ልጁ ካገገመ ድጋፉ ይቋረጣል” ብለው ሰግተው ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ጠቁመዋል።

ስለዚህ የገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ በምን ምክንያት እንደሚሰጥና መቼ እንደሚቆም ለእናቶች በግልጽ መነገሩ የሕጻናቱን ጤና ይወስናል።