እንጦጦን የሚያወጣው ጥርስ ነው ወይስ ስልክ?

“ስንት ማርሽ ነው?”

አዲስ ሳይክል ይዞ ሰፈር ውስጥ ብቅ ያለ ጎረምሳ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ይኸው ነው። “ሃያ አንድ!” ካለ ይከበራል። “ስድስት” ካለ ግን አለቀለት፤ ፋራ ተብሎ ይሸኛል። ዘንድሮ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፦ “ኪሎ ሜትሩን በምንድነው የምትቆጥረው? በሰዓት ነው በስልክ?” ፍሬኑ ይይዛል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም!

ውድ አንባብያን፣ ሳይክል ድሮ የባሕር ዳርና የሐዋሳ፣ የመቀሌና የድሬዳዋ ወግ ነበር። እኛ አዲስ አበቤዎች ዳገቱን ቀና ብለን እያየን “ታክሲ ይሻለናል” እንል ነበር። አሁን ነገሩ ተለውጧል። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2011 ዓ.ም “መንገድ ለሰው” ተብሎ መኪና የማይገባባቸው እሁዶች ሲጀመሩ ብዙ ሰው ከጓዳ ሳይክሉን አወጣ። በ2016 ዓ.ም ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ይዞ ገባ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በአንዳንድ ጎዳናዎች ዳር የሳይክል መስመር ይዞ መጣ። እንግዲህ የወጣቱ ልብ ቢነሳሳ አይፈረድበትም። ችግሩ ልብ ሲነሳሳ ኪስም አብሮ መነሳሳቱ ነው።

አንድ ዕቃ በማድረስ ሥራ የሚተዳደር የ22 ዓመት ወጣት ያጋጠመውን እንንገራችሁ። ልጁ የሦስት ወር ቁጠባውን አውጥቶ በሳተላይት የሚሠራ የእጅ ሰዓት ገዛ። በየቀኑ የነዳውን ኪሎ ሜትር ለጓደኞቹ እያሳየ ይኩራራል። የሳይክሉ ካቴና ግን ገና ከገዛው ጀምሮ አልተለወጠም ነበር። አንድ ቀን ከፒያሳ በላይ ያለውን አቀበት ከመቀመጫው ተነስቶ በሙሉ ክብደቱ ሲረግጥ ካቴናው ጥርሱን ሳተ። እግሩ ባዶውን ሄደ፣ ደረቱ መሪው ላይ አረፈ፣ አፉ ከአስፋልቱ ጋር ተገናኘ። የሳይክሉ ጥርስ ሲስት የእሱም የፊት ጥርስ አብሮ ሄደ። ሰዓቱ ግን ምንም አልሆነም! የወደቀበትን ቦታና ደቂቃ አሳምሮ መዝግቦታል።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይሉ የለ? እስቲ እኛም ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንመጥን።

የ“ሃያ አንድ ማርሽ” ጉድ

ሻጩ “ሃያ አንድ ማርሽ” ሲላችሁ ፊት ለፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ጥርሳም ክብ አለው ማለቱ ነው። ሦስት ሲባዛ በሰባት ሃያ አንድ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ እግራችሁ ግን ሃያ አንድ አይቆጥርም።

በየመንገዱ የምናየውን የተለመደውን የተራራ ሳይክል እንውሰድ። ብዙውን ጊዜ የፊተኞቹ ክቦች 24፣ 34 እና 42 ጥርስ አላቸው። የኋለኞቹ ከ14 ጀምረው እስከ 28 ይደርሳሉ። አንድ ጊዜ ፔዳሉን ሙሉ ዙር ስትረግጡ ጎማው ስንት ዙር እንደሚዞር ለማወቅ የፊቱን ጥርስ ለኋላው ማካፈል ነው። 24 ለ16 ሲካፈል አንድ ተኩል ይሆናል። 42 ለ28 ሲካፈልስ? እሱም አንድ ተኩል! ሁለት ማርሽ ነው ብላችሁ የገዛችሁት አንድ ሆኖ አረፈው። እንዲህ እየተደራረበ ከሃያ አንዱ ውስጥ እግር በትክክል ለይቶ የሚያውቀው ወደ 13 ገደማ ነው።

ስለዚህ “ስንት ማርሽ ነው?” ማለት ትርፉ ወሬ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ “ትንሹ የፊት ጥርስ ስንት ነው? ትልቁ የኋላ ጥርስ ስንት ነው?” የሚል ነው። ዳገቱን የሚያወጣችሁ ይኸ ጥንድ ነውና።

በቁጥር እንየው። ከቦሌ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ ለመድረስ ወደ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለ። በዚያ ላይ የከተማችን አየር ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሳንባም ቶሎ ይለምናል። በእንዲህ ያለ አቀበት አንድ ተራ ሰው በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነው።

በድሮው የእሽቅድምድም ሳይክል፣ ማለትም ትንሹ የፊት ጥርሱ 42፣ ትልቁ የኋላው 23 በሆነው፣ አንድ የፔዳል ዙር 3 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ እግራችሁ በደቂቃ 30 ጊዜ ብቻ ይዞራል ማለት ነው። ይኸ ብስክሌት መንዳት ሳይሆን ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ነው። ጉልበት የሚጎዳውም እንዲህ ሲሆን ነው።

በተራራ ሳይክሉ፣ በ24 እና በ28 ጥንድ፣ አንድ ዙር 1 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳል። በዚያው ፍጥነት እግር በደቂቃ 66 ጊዜ ይዞራል። ቀለል አለ! የኋላውን ትልቁን ጥርስ 34 ካደረጋችሁት ደግሞ ወደ 80 ይጠጋል። አሁን ወሬ እያወራችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር እናካፍላችሁ። ዳገት የከበደው ሰው ሁሉ ሳይክሉን ሸጦ ሌላ መግዛት የለበትም። ብዙ ጊዜ የኋላውን የጥርስ ስብስብ ብቻ ከ14–28 ወደ 14–34 መለወጥ ይበቃል። ነገር ግን ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ክንድ 34 ጥርስ የሚችል መሆኑን፣ ካቴናውም ርዝመቱ የሚበቃ መሆኑን መካኒኩ አስቀድሞ ይይላችሁ። ካቴናው ካጠረና ትልቁን ከትልቁ ጋር ካጋጠማችሁት ክንዱ ተገንጥሎ ይወጣል።

ሜዳ ላይስ? “ትልቅ ጥርስ ከሌለው አይፈጥንም” የሚሉ አሉ። በ42 እና በ14 ጥንድ በደቂቃ 80 ዙር ብትረግጡ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። በቦሌ መንገድ ከዚህ በላይ ምን ልትሆኑ ነው?

ካቴና ሲያረጅ

ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል። በርግጥ ብረቱ እንደ ጎማ አይሳብም፤ መጋጠሚያ ፒኖቹ ስለሚበሉ ነው ጠቅላላ ርዝመቱ የሚጨምረው። የረዘመ ካቴና ጥርሱን ይበላል፣ የተበላ ጥርስ ካቴና ያንሸራትታል። ያ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

መለኪያው ቀላል ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከአንድ ፒን መሃል ጀምራችሁ 24 መጋጠሚያ ቁጠሩ። አዲስ ካቴና ላይ ይኸ ርዝመት 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.6ን ካለፈ ካቴናውን ለውጡ። 30.8 እስኪደርስ ከጠበቃችሁ ግን የኋላ ጥርሶቹም አብረው መለወጣቸው አይቀርም። በካቴና ዋጋ የሚያልቀውን በእጥፍ ትከፍላላችሁ። ያገለገለ ሳይክል ልትገዙ ስትሄዱም ሜትሯን በኪስ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ “ምንም አልተነካም” እያለ ሲምል ሜትሯ እውነቱን ትናገራለች።

ሌላው ነገር፣ የፊቱን ትልቁን ከኋላው ትልቁ ጋር፣ የፊቱን ትንሹን ከኋላው ትንሹ ጋር አታጋጥሙ። ካቴናው ተጣሞ ስለሚሄድ ቶሎ ያልቃል። ያንኑ ክብደት በመሃለኛው የፊት ጥርስ ታገኙታላችሁ።

ቆጣሪው ምን ይሁን?

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ቆጣሪ መጥፎ ነገር ነው አላልንም። ዛሬ 10፣ በወሩ 25፣ በሦስት ወር 50 ኪሎ ሜትር መድረሳችሁን ስታዩ ደስታው ሌላ ነው። ምርጫው ሦስት ነው።

አንደኛው ርካሹ በማግኔት የሚሠራው ነው። ትንሽ ማግኔት ከጎማው ብረት ላይ ትታሰራለች፤ በዞረች ቁጥር ቆጣሪው አንድ ዙር ይመዘግባል። ባትሪው ብዙ ወራት ይቆያል፣ ሌባም ዞር ብሎ አያየውም። ግን የጎማውን ዙሪያ በትክክል መንገር አለባችሁ። ቀጭኑ የመንገድ ጎማ 2 ሜትር ከ10 ገደማ፣ ባለ 26 ኢንቹ የተራራ ጎማ 2 ሜትር ከ5 ገደማ ነው። አንዱን ለሌላው ብትሞሉት በ40 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይዋሻችኋል። ጎማውን መሬት ላይ አንድ ሙሉ ዙር አሽከርክራችሁ በሜትር መለካት ይሻላል።

ሁለተኛው በእጃችሁ ያለው ስልክ ነው። ስትራቫንና የመሳሰሉትን ጭናችሁ ያለ ክፍያ መንገዳችሁን መመዝገብ ትችላላችሁ። ብዙዎች “ዳታ ይበላል” ብለው ይፈራሉ። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ለዚያ ዳታ አያስፈልግም። ዳታ ጠፍቶ መዝግባችሁ ዋይፋይ ስታገኙ መላክ ይቻላል። ስልኩ ግን ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይሁን። መሪው ላይ ሰክታችሁት መብራት ላይ ስትቆሙ የሚያየው እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ላሽ የሚለው ልጅ ማርሽ አያስፈልገውም!

ሦስተኛው እንደ ጋርሚን ያለው ራሱን የቻለ የሳተላይት ቆጣሪ ነው። ባትሪው ከስልክ ይበልጥ ይቆያል፣ ዝናብም ይችላል። የአየር ግፊት የሚለካው ዓይነት የዳገቱንም ከፍታ ከተራ ስልክ በተሻለ ይነግራችኋል። ለውድድር ለሚሠለጥን ሰው ይጠቅማል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚንሸራሸር ሰው ግን ጌጥ ነው።

መንገድሽን ማን ያየዋል?

ይኸኛው ለሁሉም ቢሆንም በተለይ ለእህቶቻችን ነው። አንዲት የ23 ዓመት ወጣት በየጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቷ ተነስታ ትነዳለች፤ መንገዷንም ለማንም ክፍት አድርጋ ትለጥፋለች። አንድ ቀን የማታውቀው ሰው ከግቢያቸው በር ላይ ቆሞ “ዛሬ አምስት ደቂቃ አረፈድሽ” አላት። ማንም አልነገረው፤ ራሷ ናት በየቀኑ ካርታ ሥላ የሰጠችው። ልጅቷ ለሁለት ወር ሳይክሏን አልነካችም።

ይኸ የአንድ ሰው ፍርሃት ብቻ አይምሰላችሁ። በጥር 2010 ዓ.ም ስትራቫ ያወጣው የዓለም ካርታ የጦር ሠፈሮችን ሳይቀር አጋልጦ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፤ ወታደሮቹ በየግቢያቸው ሲሮጡ የተመዘገበው መስመር ደምቆ ታየ። የወታደር ግቢ ካልተደበቀ የእኛማ በር ምን ይደበቃል?

መፍትሔው መተው አይደለም። መዝገቡን የምታውቋቸው ብቻ እንዲያዩት አድርጉት። የመነሻና የመድረሻ አካባቢን የሚሸሽገውን ምርጫ አብሩት። መንገድ ላይ ሆናችሁ አትለጥፉ፤ ቤት ገብታችሁ ለጥፉ። የምትወጡበትን ሰዓትና መንገድ ደግሞ አልፎ አልፎ ቀያይሩት። ለእናት ወይም ለወንድም “በዚህ በኩል ሄጃለሁ” ብሎ መውጣት ግን ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

ኪሳችሁ በዚህ ተራ ይከፈት

የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ነው። እንጦጦን መውጣት ምርጫ ነው፣ መውረድ ግን ግዴታ ነው። የፍሬኑን እጀታ ጨብጡት፤ መሪውን ከነካ ሳይክሉን እንዳትነዱት። ፍሬን ጎማው ላይ የሚቆነጥጥበት ላስቲክ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ይለወጥ። በክረምት ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬን ዘግይቶ እንደሚይዝም አትርሱ።

ሁለተኛው ብር ለሄልሜት ነው። ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ከአገጭ ሥር አንድ ጣት ያህል ብቻ ያስገባ። ውስጡ ያለው ፎም ምቱን የሚችለው ተሰባብሮ ስለሆነ አንዴ ከባድ ምት የደረሰበት ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም አበቃ። የሌላ ሰው ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ፤ ምን እንደደረሰበት አታውቁም።

ሦስተኛው ለመብራት፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ። አራተኛው ለካቴናና ለዳገት የሚሆን ጥርስ። አምስተኛው ለጠንካራ ቁልፍ። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ካለ፣ ያኔ ቆጣሪ ግዙ፤ መርቀናል።

እና ነገ ሰፈር ውስጥ “ስንት ማርሽ ነው?” ያላችሁ እንደሆን፣ “24 በ34” ብላችሁ መልሱለት። ካልገባው አስረዱት። ከገባው ደግሞ የዳገት ጓደኛ አገኛችሁ ማለት ነው።

መልካም መንገድ!